እሳትና ቀንድ፤ የቪዛጋፓታም ሣጥን ሠሪዎች

(ይህ ጽሑፍ እዚህ ለንደን በኢትዮጵያውያን የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል ያልኩትን ብዙም ሳልነካ ጻፍሁት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ፤ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ።

ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት ይህችን ሣጥን ልክፈታትና ከፊት የተቀመጣችሁ ጠጋ ብላችሁ አሽትቷት። እማማ፣ ምን ሸተተዎት? «ሰንደል» አሉ። ልክ ነዎት። ቤታችን የምንለኩሰው ሰንደል ስሙን ያገኘው ከዚህ እንጨት ነው። ከላይ የምታዩት ጥቁርና ነጭ ልባጥ ነው፤ የሣጥኗ አካል ግን በሙሉ የሰንደል እንጨት ነው። ዛፉ ከተቆረጠ ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል። ክዳኗ በተከፈተ ቁጥር ሽታው አሁንም ይወጣል።

ሥራዬን የማታውቁ ትኖራላችሁ። የድሮ ሣጥኖችንና አነስተኛ የቤት ዕቃዎችን እጠግናለሁ። ይህች ሣጥን የአንድ ደንበኛዬ ናት፤ ለዛሬ እንዳሳያችሁ ፈቅደውልኛል። መጀመሪያ ወደ እኔ ስትመጣ ከክዳኗ ላይ 5 የቀንድ ዘንጎች ተነቅለው በፖስታ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ሌሎች 2 ደግሞ ከዚያ በፊት የነካት ሰው በሱፐር ግሉ ለጥፏቸው፣ ጠመው ደርቀዋል። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ነጋዴዎች እንዲህ ያለውን ዕቃ «አንግሎ ኢንዲያን» ይሉታል። ዕቃውን የሚገዛው እንግሊዝ፣ የሚሠራው ህንድ ስለነበረ ነው። በስሙ ውስጥ ገዢው ይቀድማል። የገዢውን ታሪክ ማግኘት አይከብድም፤ ደብዳቤው አለ፣ ኑዛዜው አለ፣ የጨረታ መዝገቡ አለ። ሠሪው አብዛኛውን ጊዜ ፊርማ እንኳ አላኖረም። እኔ ግን በየቀኑ የምውለው ከሠሪው ጋር ነው። አንድ ዘንግ በጥንቃቄ ፈትቼ ስገለብጠው ኮላውን እንዴት እንደቀባ አያለሁ፤ ሞረዱ በየት በኩል እንደሄደ አያለሁ፤ ቀንዱን ምን ያህል እንዳሞቀው እንኳ ከቀለሙ ይገባኛል። ስሙ ጠፍቷል፤ እጁ ግን አልጠፋም። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህንን ነው።

እሺ፣ ከየት መጣች? በህንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በካልካታና በማድራስ መካከል አንድ ከተማ አለ። ዛሬ ቪሻካፓትናም ይባላል፤ ትልቅ ወደብና የባሕር ኃይል መቀመጫ ነው፤ ነዋሪው በሚሊዮን ይቆጠራል። እንግሊዞች በዘመናቸው ቪዛጋፓታም ይሉት ነበር። የእንግሊዝ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በ1680ዎቹ እዚያ የንግድ ጣቢያ የከፈተው ለሣጥን ብሎ አልነበረም፤ ለጥጥ ጨርቅ ነው። ያ ጠረፍ በጨርቁ የታወቀ ነበር። ጨርቅ ሊገዛ የመጣው ነጋዴ ግን የአካባቢው ባለሙያ በእንጨት ላይ የዝሆን ጥርስ እየሰካ የሚሠራውን ጥሩ ሥራ አየ። ወንበር አሳይቶ «እንዲህ ያለ ሥራልኝ» አለ፤ ተሠራለት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የቪዛጋፓታም ዕቃ እስከ ቤተ መንግሥት ደርሷል። የቀድሞው የማድራስ አገረ ገዢ አሌክሳንደር ዊንች ሞተው ንብረታቸው በ1781 ለጨረታ ሲቀርብ፣ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ በዝሆን ጥርስ የተለበጡ ወንበሮች ለንግሥት ሻርሎት ገዝተዋል። ዕቃዎቹ ዛሬም በእንግሊዝ ንጉሣዊ ስብስብ ውስጥ አሉ።

ስለ ጠረፉ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለሣጥን ትርጉም አለውና። በዚያ በኩል ያለው ባሕር ማዕበሉ ብርቱ ነው፤ መርከብ ጠልቆ የሚገባበት የተፈጥሮ ወደብ ብዙም የለም። ቪሻካፓትናም ራሷ ትልቁን ወደቧን የከፈተችው በ1933 ነው። ከዚያ በፊት መርከቡ ከሩቅ ይቆማል፤ ዕቃውና ሰው በማሱላ ጀልባ ማዕበሉን ያቋርጣል። ማሱላ ሳንቃው በሚስማር የተመታ ጀልባ አይደለም፤ በኮኮነት ገመድ የተሰፋ ነው፤ ማዕበል ሲመታው እየተለመጠ እንዲያልፍ። እንግዲህ አስቡት፤ ቁም ሣጥን በዚያ ጀልባ ላይ ማሻገርና ብብት ሥር የምትያዝ ሣጥን ማሻገር አንድ አይደለም። ትናንሽ ዕቃዎች እየበዙ የሄዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። የመኮንኑ ሚስት የስፌት ሣጥን፣ መኮንኑ የጽሕፈት ሣጥን፣ ቤቱ የሻይ ቅጠል ሣጥን፣ ለጉብኝት የስም ካርድ መያዣ፤ እያንዳንዱ ከጓዝ ውስጥ ገብቶ አገር ቤት ይደርሳል።

በመጀመሪያ የሣጥኖቹ ፊት በሙሉ የዝሆን ጥርስ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ግን ቀንድ ገባ። የኤሊ ልብስም፣ የጃርት እሾህም፣ የአጋዘን ቀንድም ገቡ፤ ከሁሉም ግን እኔን የሚይዘኝ የጎሽ ቀንድ ነው። ጎሽ ስል ጋምቤላ ወይም ኦሞ ያለውን የዱር ጎሽ እንዳታስቡ። ይህ የውሃ ጎሽ ነው፤ ሩዝ ማሳ የሚያርስ፣ የሚታለብ፣ ገበሬው ጓሮ የሚታሰር የቤት እንስሳ። ቀንዱ ረጅምና ወደ ኋላ የተጠማዘዘ ነው፤ ሲቆረጥ ውስጡ ክብ ሳይሆን ጠፍጠፍ ብሎ ሦስት ማዕዘን ይመስላል፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ቀለሙ ጥቁር፣ አልፎ አልፎ የማር ቀለም ያለው ሰረዝ የሚያልፍበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቀንድ ምንድን ነው?

እኛ «የቀንድ ከብት» ብለን በሬና ላሙን ሁሉ በቀንዱ የምንጠራ ሕዝብ ነን፤ ሰው በቃሉ፣ በሬ በቀንዱ ይታሰራል እንላለን። ዋንጫ ማለት ዛሬ ለልጆቻችን ኳስ ተጫዋች የሚያነሳው ነገር ነው፤ በእኔ ልጅነት ግን አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ጠላ የሚጠጣበት የቀንድ ዋንጫ ነበር። አያቴ ከበዓል በኋላ ያጥቡትና ቅቤ በነካ ጨርቅ ያሹት ነበር። ለምን ቅቤ እንደሚቀባ ያኔ አልጠየቅሁም። አሁን አውቀዋለሁ፤ ቀንድ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ቀንድ አጥንት አይደለም። ብዙ ሰው አጥንት ይመስለዋል። ከበሬው ግንባር የሚወጣው አጥንት ውስጥ አለ፤ ቀንዱ ግን ያንን አጥንት እንደ ሰገባ የሸፈነው ነው፤ ከኬራቲን የተሠራ ነው፤ ከጥፍራችሁና ከጸጉራችሁ ጋር አንድ ዓይነት ነገር። ስለዚህ ሠሪው መጀመሪያ የሚያደርገው ቀንዱን ውሃ ውስጥ ለሳምንታት መዘፍዘፍ ነው፤ በአጥንቱና በሰገባው መካከል ያለው ሥጋ ይበሰብስና ሰገባው ተመዞ ይወጣል። ሽታው የሚቻል አይደለም። የሰንደሉን መዓዛ ስታሸቱ፣ የዚያ ሥራ መጀመሪያ ይህ እንደነበር አስታውሱ።

አጋዘን ግን ሌላ ነው፤ የኛን አገር አጋዘን ሳይሆን እንግሊዞች «ዲር» የሚሉትን ማለቴ ነው። የአጋዘን ቀንድ የምንለው እውነተኛ አጥንት ነው፤ በየዓመቱ ይረግፋል፣ በየዓመቱ ይበቅላል፤ በእሳት አይለሰልስም። በቪዛጋፓታም ሣጥኖች ላይ ሁለቱም ስላሉ፣ መለየቱ ለጠጋኝ የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

ኬራቲን የሚገርም ጠባይ አለው። ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ እንደለሰለሰ በፈለጋችሁት ቅርጽ ከያዛችሁትና ከቀዘቀዘ ያንኑ ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ይህን የህንድ ባለሙያ ብቻ አይደለም ያወቀው። እንግሊዞች ራሳቸው ቀንድን አሙቀው፣ በንጣፍ በንጣፍ ሰንጥቀው፣ በሞቀ ብረት ጨፍልቀው ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ገጽ እያወጡለት ለፋኖስ መስኮት ያደርጉት ነበር፤ ብርጭቆ ውድ በነበረበት ዘመን። እዚህ ለንደን የቀንድ ሠሪዎች ማኅበር በ1638 ንጉሣዊ ቻርተር አግኝቷል። ይኸው ማኅበር በ1943 የፕላስቲክ ኢንዱስትሪን የራሱ አደረገ፤ ፕላስቲክ የቀንድ ወራሽ ነው ብለው። እኔ ይህን ሳነብ ብዙ ነገር ገባኝ። ማበጠሪያው፣ አዝራሩ፣ የቢላ እጀታው፣ ዛሬ ፕላስቲክ የሆነው ሁሉ ትናንት ቀንድ ነበር።

ወደ ሠሪያችን እንመለስ። ቀንዱን ይዟል። ጫፉ ድፍን ነው፤ ያንን ይቆርጥና ለእግር ያስቀምጠዋል። የሣጥኗን እግሮች ተመልከቱ፤ እነዚህ 4 ክብ እግሮች ከ4 ቀንድ ጫፍ የተጠረቡ ናቸው። የተረፈውን ክፍት ክፍል በመጋዝ ከላይ እስከ ታች ይሰነጥቀዋል። ከዚያ ይቀቅላል። ከውሃ አውጥቶ ፍም ላይ ለአፍታ ያገላብጠዋል፤ በዚያች አፍታ ውስጥ ቀንዱ እንደ ወፍራም ቆዳ ይለመጣል። ወዲያው በመቆንጠጫ ከፍቶ በሁለት የሞቀ ብረት መካከል ያስገባና ያጠብቀዋል። እስኪቀዘቅዝ አይነካም።

ይህችን «አፍታ» በቃል መግለጽ አልችልም። እኔ ራሴ ስማር የመጀመሪያውን ቀንድ አቃጠልኩት። በጋዝ እሳት ላይ ትንሽ ቆየሁበት፤ ጠርዙ አረፋ አወጣ፣ የጸጉር ቃጠሎ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ሲቀዘቅዝ ያ ጠርዝ እንደ ደረቅ እንጀራ ተፈረፈረ። ሁለተኛውን ደግሞ ፈርቼ ቶሎ አወጣሁት፤ ሳልጨርስ መሃሉ ተሰነጠቀ። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው፣ ፍም ፊት ቁጭ ብሎ፣ በእጁ ስሜትና በቀንዱ ላብ ያንን ልክ ያውቅ ነበር። ለአንድ ሣጥን በደርዘን የሚቆጠር ቁራጭ ያስፈልጋል። በዚህች በያዝኳት ክዳኗ ላይ ብቻ 38 ዘንጎች ቆጥሬአለሁ።

ለምን ዘንግ ሆነ? ለምን እንደ ዝሆን ጥርሱ ሰፋፊ ገጽ አልተለበጠም? ሰዎች ለውበት ነው ይላሉ፤ ውበቱም አለ። ቅርብ ሆናችሁ እዩት፤ እያንዳንዱ ዘንግ ጀርባው ክብ ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት በአንዱ ጉብታ ላይ ያበራና በሸለቆው ይጨልማል፤ ጥቁር ሐር ተጣጥፎ የተቀመጠ ይመስላል። ግን እኔ ስፈታቸውና ስመልሳቸው የተረዳሁት ሌላ ነው። ቀንድ ትዝታ አለው። የቱንም ያህል ብትጨፈልቁት፣ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በጎሹ ራስ ላይ ወደነበረበት ጥምዝነት መመለስ ይፈልጋል። ሰፊ አድርጋችሁ ብትለጥፉት መላው ገጽ በአንድ ላይ ይስባል፤ ኮላው አይችለውም። ጠባብ ጠባብ አድርጋችሁ ብትቆርጡት ግን የእያንዳንዱ ጉልበት ትንሽ ነው፤ በመሃላቸውም መተንፈሻ ይኖራል። ሠሪው ይህን አውቆ ይመስለኛል ዘንጉን የመረጠው። ቁሱ የጠየቀውን ሰጠው፤ ከዚያም ያንኑ ወደ ጌጥ ለወጠው። በዚህ ሙያ ውስጥ ከዚህ በላይ የማደንቀው ነገር የለም።

በዘንጎቹ ዙሪያ ያለው ነጭ መስመር የዝሆን ጥርስ ነው። በላዩ ላይ የምታዩት ጥቁር ሐረግ በቀለም የተሣለ አይደለም። በስለታም ጫፍ ተፍቆ፣ በጉድጓዱ ውስጥ የቀለጠ ጥቁር ላክ ተሞልቶ፣ የተረፈው ተገፎ ተወልውሏል። ላክ ነፍሳት በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የሚያወጡት ሙጫ ነው፤ የድሮ ደብዳቤ የሚታሸግበት ቀይ ላክም ከዚሁ ይሠራ ነበር። ጣቴን ሳሳልፍበት አይሰማኝም፤ ያን ያህል ልስልስ ነው።

ይህ ጥርስ የማን ዝሆን ነበር? የዚህችን ሣጥን ለይቼ መናገር አልችልም። ነገር ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ህንድ የምትሠራበት የዝሆን ጥርስ ብዙው ከምሥራቅ አፍሪካ ነበር፤ በቦምቤይ በኩል ይገባል። የኛም አገር ጥርስ በምጽዋና በዘይላ እየወጣ በዚያው ባሕር ሄዷል። በህንድ ሣጥን ጠርዝ ላይ ያለ ነጭ መስመር ከከፋ ወይም ከወለጋ ጫካ የወጣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን ሳስብ ሣጥኗ እጄ ላይ ትከብደኛለች። ቀንዱ ግን እንደዚህ አይደለም። ጎሹ አርሶ፣ ታልቦ፣ ኖሮ የሚቀረው ቀንዱ ነው፤ ለቀንዱ ተብሎ የሚታደን ጎሽ አልነበረም።

ስለ ሠሪዎቹ ጥቂት ልበል። በቪዛጋፓታም የጥርስና የቀንድ ሥራ የካምሳሊ ሰዎች ሙያ ነበር። ካምሳሊዎች ቴሉጉ ተናጋሪ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው፤ ወርቅ ሠሪው፣ አንጥረኛው፣ አናጢው፣ ድንጋይ ጠራቢው የሚወጣበት ወገን ናቸው። ራሳቸውን ከቪሽቫካርማ፣ ለአማልክት ከሚሠራው ባለሙያ አምላክ፣ የተወለድን ነን ይላሉ፤ እንደ ብራህማን፣ እንደ ካህናቱ ወገን፣ የተቀደሰውን ክር ያስራሉ፤ ቪሽቫብራህሚን ተብለን እንጠራ ብለው ተከራክረዋል። እኔ ያደግሁት ቀጥቃጭና ፋቂ የስድብ ቃል በሆነበት አገር ነው። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከመከልከል የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው? ስለዚህ «እጄ የሚሠራው አምላክ የሠራውን ነው» ብሎ ቀና ብሎ የሚሄድ ባለሙያ እንደነበረ ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ትንሽም ቀናሁ።

ይህ ማለት ኑሯቸው ያማረ ነበር ማለት አይደለም። ሣጥኑ በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን፣ በክሪስታል ፓላስ ለዓለም ሲታይ፣ የታየው የከተማው ስም ነበር። ሠሪው በአብዛኛው አልተጠራም።

ቅርጹን ደግሞ ተመልከቱ። ከላይ እንደ ጣሪያ ጎበጥ ያለው ክዳን፣ ታች ጠበብ ብሎ እግር ላይ መቀመጡ የእንግሊዝ ሣጥን ቅርጽ ነው፤ በዘመኑ እዚህ በለንደን በማሆጋኒ ይሠራ ነበር። ክዳኗን ስንከፍት ግን ሌላ ዓለም ነው። ትሪዋ ላይ ትናንሽ ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ክዳን አለው፤ ለመርፌ፣ ለክር፣ ለቁልፍ። ይህ የመርፌ መሰኪያ ነው፤ ጨርቁ ተቀይሯል እንጂ የተቀመጠበት ቤት የመጀመሪያው ነው። የክር መጠቅለያዎቹ ከተመሳሳይ ቀንድ ተቀርጸዋል። የዚህችኛዋን የትሪ ክዳን ሳነሳ አንድ ጸጉር የቀጠነ ሰማያዊ ክር መርፌ ቤቱ ጥግ ተይዞ አገኘሁ። አላወጣሁትም። ባለቤቷንም አሳይቼ እዚያው ይቆይ ተባብለናል።

እዚህ ላይ ወደ ሱፐር ግሉው ልመለስ፤ በጣም የሚቆጨኝ ነገር ነውና። ሠሪው የተጠቀመው ከቆዳና ከአጥንት የተቀቀለ ኮላ ነው። ይህ ኮላ በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል፤ ለዚህ ነው የ150 ዓመት ሥራ ሳይሰበር ሊፈታና ሊመለስ የሚችለው። ሱፐር ግሉ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፤ ቀንዱ መሳብ ሲፈልግ ኮላው አልሰጥም ይላል፤ ያን ጊዜ ቀንዱ ራሱ ይሰነጠቃል። ሁለቱን ዘንጎች ለማስለቀቅ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የአንዱ ጠርዝ ጠፍቷል፤ በአዲስ ቀንድ ሞልቼዋለሁ። የትኛው እንደሆነ ፈልጋችሁ ካገኛችሁት ንገሩኝ፤ ለባለቤቷ በጽሑፍ አስቀምጫለሁ፤ መደበቅ የለበትም።

ሌላው ጠላት የቤታችን ሂተር ነው። ሣጥኗ እርጥበት ባለው የባሕር ጠረፍ ተሠርታ መጥታ፣ ክረምቱን በሙሉ በደረቅ አየር ከራዲያተር በላይ ትቀመጣለች። ሰንደሉ ይኮማተራል፤ ቀንዱም ይኮማተራል፤ በተለያየ ልክ። ዘንጎቹ አንድ በአንድ ይነሳሉ። ከሙቀትና ከመስኮት ፀሐይ አርቋት፤ ሌላው ይቅር። ብልም አለ። የሱፍ ልብስ የሚበላው ብል ቀንድም ይበላል፤ ሁለቱም ኬራቲን ናቸውና። ጥቃቅን ጉድጓድና እንደ አሸዋ ያለ ዱቄት ካያችሁ ቶሎ ለይታችሁ አሽጓት። በዘይት ስለ መወልወል የሚጠይቁኝ አሉ። የአያቴ ቅቤ ለዋንጫ ጥሩ ነበር፤ ዋንጫ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከኋላው የተለጠፈ ነገር የለውም። ለሣጥን ግን ዘይቱ በዘንጎቹ መሃል ገብቶ ኮላውን ያበላሻል። በትንሹ ሰም፣ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ፤ ይበቃል።

በገበያ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብታገኙ እንዴት ትለያላችሁ? በእሳት መርፌ ወግታችሁ አሽትታችሁ እንዳትፈትኑት፤ ብዙ ሣጥን የቆሰለው በዚህ ነው። ማጉያ መነጽር ያዙና ገጹን እዩ። ቀንድ ውስጥ ቀጫጭን ረጃጅም መስመሮች በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ ስስ በሆነው ጠርዝ ብርሃን ብታሳልፉ ጥቁሩ ወደ ቡና ቀለም ይሄዳል። አጥንት ከሆነ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦችና ሰረዞች ታያላችሁ፤ ደም የሄደበት መንገድ ነው። የዝሆን ጥርስ በአግድም በተቆረጠበት ቦታ እንደ ወንፊት የሚተላለፉ መስመሮች አሉት። ፕላስቲክ ምንም የለውም፤ ባዶ ነው። ከሁሉም በፊት ግን አሽቱ፤ ሰንደል አለው ወይ?

ጥርስ ያለበትን ስትገዙና ስትሸጡ ሕጉን እወቁ። በዚህ አገር የዝሆን ጥርስ ንግድን የሚከለክለው የ2018 ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በሰኔ 2022 ነው። ከ1947 በፊት የተሠራ፣ በውስጡ ያለው ጥርስ በመጠን ከ10 በመቶ በታች የሆነ ዕቃ ተመዝግቦ ሊሸጥ ይችላል። ብዙዎቹ የቀንድ ሣጥኖች ጥርሳቸው ጠርዝ ላይ ብቻ ስለሆነ በዚህ ያልፋሉ። ሳይመዘገብ መሸጥ ግን ወንጀል ነው።

ሙያው ጨርሶ አልጠፋም። ከቪሻካፓትናም ወደ ሰሜን በኦዲሻ ግዛት ፓራላኬሙንዲ በምትባል ከተማ የቀንድ ሥራ እስከ ዛሬ አለ፤ ወፍ፣ ዓሣ፣ ማበጠሪያ ይሠራሉ። በሰሜን ህንድ ሳምባል የተባለች ከተማ ደግሞ በቀንድና በአጥንት ሥራ ትታወቃለች። የተገጠመ የሣጥን ሥራ ግን፣ ይህ የዘንግ ሥራ፣ እንደ ጥንቱ ሲሠራ አላየሁም።

አሁን ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት አንድ ቦታ ላሳያችሁ። ትሪዋን አወጣሁ። እዚህ፣ ከታች፣ ማንም እንዲያየው ባልታሰበበት በሰንደሉ ላይ፣ በስለት የተሰመረ ቀጭን መስመር አለ። መከፋፈያው የሚቆምበትን ቦታ ለመለካት ነው የሰመረው። መስመሩ መቆም ካለበት ቦታ የአንድ ጥፍር ያህል አልፏል፤ ከዚያ ቆም ብሎ፣ ትንሽ ዘንበል አድርጎ፣ እንደገና ትክክለኛውን ሰምሯል። ሁለቱም መስመር ጎን ለጎን አሉ። መብራቱን ከጎን አድርጌላችኋለሁ፤ ተራ በተራ ኑና እዩት። ክዳኗን ስትነኩ በሁለት እጅ፣ ከጎንና ከጎን ያዟት፤ የፊት ዘንጎቹ ኮላቸው ገና ሳምንቱ ነው።